አሮጌ ኦል ዊል ሲየና ልትገዙ ነው? ከጎማው ጀምሩ

አሜሪካ ውስጥ ልጆች ያሉት፣ እናት አባቱ ከአገር ቤት መጥተው የሚከርሙለት፣ በረዶ የሚበዛበት ከተማ የሚኖር ሐበሻ የቤተሰብ መኪና ሲፈልግ ዞሮ ዞሮ አንድ ስም ላይ ያርፋል። ቶዮታ ሲየና። ሚኒሶታ ወይም ኮሎራዶ ከሆነ ደግሞ "ኦል ዊል ይሁንልኝ" ይላል፤ የሞተሩ ኃይል ለአራቱም ጎማ የሚደርስባት ማለቱ ነው። አዲሱ ውድ ነው። ስለዚህ ዓይኑን ወደ አሮጌው ይጥላል።

ይህ መመሪያ ለእሱ ነው። የማወራው ስለ ሁለተኛው ትውልድ ሲየና ነው፤ ከ2004 እስከ 2010 ሞዴል፣ ኢንዲያና ውስጥ ፕሪንስተን የተሠራው። ሲየና ኦል ዊል ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው በዚህ ትውልድ ነው። ከዚያ በፊት ከቶዮታ ኦል ዊል ሚኒቫን የሚፈልግ አሜሪካዊ እስከ 1997 ሞዴል የተሸጠችውን እንቁላል መሰሏን ፕሪቪያ ነበር የሚገዛው። ክራይስለርም ነበረው። ግን በ2005 ሞዴል ወንበሮቹን ወለል ውስጥ ማጠፍ ሲጀምር ቦታ ጠፋና ኦል ዊሉን ተወው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሜዳው የሲየና ሆነ። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት አሮጌ ኦል ዊል ሚኒቫኖች በአብዛኛው እሷው የሆኑት ለዚህ ነው።

መኪናዋ ጠንካራ ናት። ሞተሩ በደንብ ከተያዘ ብዙ ማይል ይሄዳል። የኦል ዊሉ ክፍል ግን ቸልታን አይወድም። እሱን የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የማይመሳሰሉ ጎማዎችና ማንም የማያስታውሰው ዘይት። ሻጩ ቀለሙንና ወንበሩን ያሳያችኋል። እናንተ ወደ ታች እዩ።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ ኦል ዊል ያስፈልጋችኋል?

ይህን ጥያቄ የምትመልሱት ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ነው። መኪናውን ካያችሁ በኋላ ልብ ይሸፍታል።

ኦል ዊሉ የሚያስከፍላችሁ ነገር አለ። አንደኛ፣ ወንበር። የዚህ ትውልድ ኦል ዊል ሲየና 7 ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። 8 ሰው የምትይዘው የፊት ጎማ የሚጎትታት ናት። አምስት ልጅ ላለውና አያትን ለሚጨምር ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ስኮርታ ጎማ የላትም። ለምን እንደሌላት ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። ሦስተኛ፣ ነዳጅ ትንሽ ይጨምራል። አራተኛ፣ ሌላኛዋ ሲየና ጨርሶ የሌላት ዕቃ አላት፦ ኃይሉን ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚልከው ትራንስፈር ኬዝ፣ ወደ ኋላ የሚሄድ ረጅም ሻፍት፣ የኋላ ዲፈረንሻልና ከፊቱ ያለው ቪስከስ ካፕሊንግ። የሌለ ዕቃ አይበላሽም።

በዚያ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ኦል ዊል መኪናው እንዲነሳ ይረዳል፤ ፍሬን ስትይዙ አይረዳም። በረዶ ላይ የሚያቆማችሁ ጎማው ነው። ኮሎራዶ ውስጥ በአይ 70 ተራራማው መንገድ ላይ ያለው ሕግ ራሱ ይህን ይመሰክራል። ኦል ዊል ስለሆናችሁ ብቻ አያሳልፋችሁም፤ የጎማው ጥርስ ቢያንስ 3/16 ኢንች መሆን አለበት ይላል።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ሆናችሁ በዓመት ሁለት ሦስቴ በረዶ የምታዩ ከሆነ፣ ተራዋን ሲየና ግዙና ለክረምቱ የበረዶ ጎማ ግጠሙላት። ዳገት ላይ ያለ ቤት፣ መንገዱ ሳይጠረግ ለሌሊት ሥራ መውጣት፣ ተራራ ማቋረጥ፤ እንዲህ ያለ ኑሮ ካላችሁ ግን ቀጥሉ።

ሞተሩን በዓመቱ ለዩ

ሁለት ሞተር አለ። ከ2004 እስከ 2006 ያለው 3.3 ሊትር ነው። ከ2007 እስከ 2010 ያለው 3.5 ሊትር። ሁለቱም ስድስት ሲሊንደር ናቸው። ልዩነቱ የጉልበት ብቻ አይደለም።

3.3ቱ ታይሚንግ ቤልት አለው። በየ90,000 ማይሉ መቀየር አለበት። ቤልቱ ከተበጠሰ መኪናዋ በሄደችበት ትቀራለች። የዛሬ ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ 180,000 ማይልን አልፈዋል። ስለዚህ ጥያቄው "ቤልቱ ተቀይሯል?" አይደለም። "ሁለተኛው መቼ ተቀየረ? ደረሰኙስ የታለ?" ነው። አንዳንድ ጋራዥ የቀየረበትን ማይል ጽፎ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ይለጥፋል፤ ፈልጉት። ውሃ ፓምፑ የሚዞረው በዚሁ ቤልት ስለሆነ አብሮ መቀየር ነበረበት። ደረሰኙ ላይ ፓምፑ ከሌለ ሥራው በግማሽ ነው የተሠራው ማለት ነው። ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩትና ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

3.5ቱ ሰንሰለት ስላለው ይህ ወጪ የለበትም። የራሱ ጣጣ ግን አለው። ለቫልቭ ማስተካከያው ዘይት የሚወስደው ቱቦ መጀመሪያ ሲሠራ መሀሉ ጎማ ነበር። ጎማው ሲቀደድ ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ ተረጭቶ ያልቃል። ሞተሩም አብሮ ያልቃል። ቶዮታ ሙሉ በሙሉ ብረት በሆነ ቱቦ ለውጦታል። የምትገዙት መኪና ላይ የተለወጠ መሆኑን መካኒኩ በዓይኑ አይቶ ያረጋግጥላችሁ። "ተቀይሯል መሰለኝ" የሚል መልስ አትቀበሉ።

ምርጫው ለእኔ ቢሰጠኝ 3.5ቱን እወስዳለሁ። ግን በደረሰኝ የተያዘ 2005 ካለ፣ ወረቀት የሌለውን 2008 አልነካውም።

ቤታችሁ ሆናችሁ የምትጨርሱት

መኪናውን ለማየት ከመሄዳችሁ በፊት የሻሲ ቁጥሩን ጠይቁ። 17 ፊደልና ቁጥር ነው። የማይሰጥ ሻጭ ካለ ጊዜያችሁን አታቃጥሉ።

በቁጥሩ ሦስት ነገር ታያላችሁ። አንደኛ፣ በአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በኤንኤችቲኤስኤ (NHTSA) ድረ ገጽ ላይ ያልተሠራ ሪኮል፣ ማለትም ፋብሪካው ለጥገና ያቀረበው ጥሪ መኖሩን። ይህ ነጻ ነው። በ2013 ቶዮታ ከ2004 እስከ 2005 እና ከ2007 እስከ 2009 ያሉትን ሲየናዎች በማርሽ ማንሻው ምክንያት ጠርቶ ነበር። ፍሬን ሳይረገጥ ከፒ የመውጣት ችግር ነው። ልጅ መኪና ውስጥ ትታችሁ የምትወርዱ ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም። ሪኮል በአከፋፋዩ በነጻ ይሠራል። ሁለተኛ፣ ታይትሉን፣ ማለትም የባለቤትነት ወረቀቱን። ሳልቬጅ ወይም ሪቢልት (ክፉኛ ተጎድታ የነበረች ወይም ከዚያ በኋላ የተጠገነች) ከሆነ ሻጩ በቃሉ የሚነግራችሁን ተዉት፤ ኢንሹራንስም በኋላ ሲሸጥም ይከብዳችኋል። ሦስተኛ፣ የአገልግሎት ታሪኩን። ማይሉ ወደ ኋላ የሄደበት ቦታ ካለ እዚያው አቁሙ።

የት ስትነዳ እንደኖረችም እዩ። ሚኒሶታና ኦሃዮ ያደገች መኪና ጨው ጠጥታለች። ከደረቅ አገር የመጣች ከሆነ ሆዷ ንጹሕ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ከዚያ ደውሉና በትህትና ጠይቁ። "ወንድሜ፣ አራቱም ጎማ አንድ ዓይነት ነው? መቼ ነው የተቀየሩት? የትራንስፈር ኬዙና የኋላው ዲፈረንሻል ዘይት ተቀይሮ ያውቃል?" ብዙው ሻጭ ለሦስተኛው ጥያቄ ዝም ይላል። ዝም ማለቱ መረጃ ነው።

"ሞተሩን ሳታስነሳ ጠብቀኝ" ማለትም አትርሱ።

ደርሳችኋል፤ ቁልፉን ሳትቀበሉ ጎማውን ዙሩ

እዚህ ጋ አትቸኩሉ። የዚህ መኪና ታሪክ ጎማዎቹ ላይ ተጽፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህ ትውልድ ሲየና ኃይልን ወደ ኋላ የምታካፍለው በኮምፒውተር አይደለም። ከኋላው ዲፈረንሻል ፊት የታሸገ ቆርቆሮ የመሰለ ነገር አለ። ውስጡ ቀጫጭን ሳህኖችና ወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ ነው ያለው። ቪስከስ ካፕሊንግ የሚባለው እሱ ነው። ከፊት የሚመጣው ሻፍትና የኋላው ጎማ እኩል እስከዞሩ ድረስ ሥራ የለውም። የፊት ጎማ በረዶ ላይ ሲንሸራተት ግን ፍጥነታቸው ይለያያል፣ ሳህኖቹ ፈሳሹን ያማስሉታል፣ ፈሳሹ ይሞቅና እንደሚማሰል ገንፎ እየጠጠረ ይሄዳል። ያኔ ሁለቱን ጎን ያያይዛቸውና ኃይሉ ወደ ኋላ ያልፋል።

አሁን ከፊት አዲስ ጎማ፣ ከኋላ ያለቀ ጎማ ግጠሙ። ያለቀው ጎማ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይዞራል። ደረቅ መንገድ ላይ፣ ቀጥ ብላችሁ እየሄዳችሁ፣ ካፕሊንጉ ልዩነት ያያል። ያለማቋረጥ ይማሰላል። ይሞቃል። ይህ ለወራት ሲቀጥል ፈሳሹ ይበላሻል፣ ኩሽኔታውም ይጮኻል። ካፕሊንጉ የታሸገ ስለሆነ ተከፍቶ ዘይት አይሞላለትም። ያለው መፍትሔ ሙሉውን መቀየር ነው። ርካሽ አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ።

1. አራቱም ጎማ አንድ ማርካ፣ አንድ ሞዴል፣ አንድ ልክ መሆናቸውን አንብቡ። ከፋብሪካ የመጣው ልክ 225/60 በ17 ነው።

2. የጥርሱን ጥልቀት ለኩ። አሜሪካኖቹ በኢንች 32ኛ ይለካሉ። አዲስ ጎማ 10/32 አካባቢ ነው፤ 2/32 ሲደርስ አልቋል። መለኪያው ከማንኛውም የመኪና ዕቃ መደብር በጥቂት ዶላር ይገኛል። ከሌላችሁ ሳንቲም አለ። ፔኒውን የሊንከንን ራስ ወደ ታች አድርጋችሁ ጥርሱ ውስጥ ስትከቱት የፀጉሩ ጫፍ ከታየ 2/32 ነው፤ ጎማው አብቅቷል። ኳርተሩን ስትከቱት የዋሽንግተን የፀጉር ጫፍ ከታየ 4/32 ነው፤ ለበረዶ አይሆንም።

3. አራቱንም ጻፉ። በትልቁና በትንሹ መካከል ከ2/32 በላይ ልዩነት ካለ አስቡበት።

4. ጎኑ ላይ ያለውን የምርት ቀን እዩ። ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ከሚመጣው መጨረሻ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ናቸው። 2319 ቢል የ2019 23ኛ ሳምንት ነው። ከ6 ዓመት ያለፈ ጎማ ጥርስ ቢኖረውም ደርቋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ማስታወቂያው ላይ "ሁለት አዲስ ጎማ አለው" ብሎ የሚኮራ ሻጭ አለ። ለተራ መኪና ጥሩ ዜና ነው። ለዚህች ግን መጥፎ ዜና ነው። ያ ሰው ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደነዳት ጠይቁት።

ኮፈኑን ክፈቱ

ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት። ከሞቀ አስቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው፤ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

የሞተር ዘይቱን እዩ፣ ኩላንቱን እዩ። የቶዮታ ኩላንት ሮዝ ነው። 3.5ቱ ላይ ውሃ ፓምፑ አካባቢ የደረቀ ሮዝ ቅርፊት ካለ ፓምፑ እያንጠባጠበ ነው። የሰንሰለቱ ሽፋን ዙሪያ የዘይት ላብ ካለ ደግሞ በደንብ ይታይ፤ ዕቃው ውድ አይደለም፣ ጉልበቱ ነው ውዱ። 3.3ቱ ላይ የቫልቭ ክዳኖቹን ጠርዝ ተመልከቱ።

የካምቢዮ ዘይቱን ዘንግ አውጥታችሁ አሽትቱ። የተቃጠለ ሽታ ያለው ጥቁር ዘይት ካያችሁ ወደ ቤት። ዘንጉ ላይ የተጻፈውንም አንብቡ፤ ኋላ ይጠቅማችኋል።

አሁን ቁልፉን አብሩ፣ ሞተሩን ግን አታስነሱ። ዳሽቦርዱ ላይ ቼክ ኢንጅን፣ ኤቢኤስና ቪኤስሲ የሚሉት መብራቶች መታየት አለባቸው። ያልበራ ካለ አምፖሉን ያወጣው ሰው ሊኖር ይችላል። እዚያው እያላችሁ ፍሬን ሳትረግጡ ማርሹን ከፒ ለማውጣት ሞክሩ። እምቢ ማለት አለበት።

ከዚያ አስነሱ። መብራቶቹ በሙሉ ይጥፉ። በመጀመሪያዋ ሰከንድ ከ3.5ቱ የሚሰማ ኃይለኛ የመንቀጫቀጭ ድምፅ ካለ የቫልቭ ማስተካከያው ማርሽ ደክሟል። አንዲት ርካሽ የኮድ ማንበቢያ ካላችሁ ሰኩ። ኮድ ባይኖርም "ሞኒተሮቹ አልተዘጋጁም" ካለች፣ ማለትም መኪናዋ ራሷን ፈትሻ ካልጨረሰች፣ በቅርቡ ኮድ ተሰርዞ ወይም ባትሪው ተነቅሎ ሊሆን ይችላል።

በሮቹ

አጭር ነው፣ ግን አትዝለሉት። የኤሌክትሪክ ተንሸራታች በሮቹ ገመድ ይላላል፣ ይተለተላል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል። እያንዳንዱን በር በእጀታው፣ በሪሞቱና በውስጥ ቁልፉ ደጋግማችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ። መሀል ላይ ቢቆም፣ ቢጮኽ ወይም ራሱን ቢመልስ ዋጋ አለው። የኋላውን በር ከውጭ በእጀታው አንሱ፤ ፕላስቲኩ በመሰበር የታወቀ ነው። ሲነሳ ቆሞ ይቀራል? ወይስ ራሳችሁ ላይ ይወርዳል?

የፊቱንም የኋላውንም ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ሞክሩ። ወደ ኋላ ወንበር የሚሄዱት የኤሲ ቱቦዎች በሆዷ ሥር ያልፋሉ፤ ጨው ይበላቸዋል።

ስትነዱ ሬዲዮውን አጥፉ

ቢያንስ 20 ደቂቃ ንዱ። ካፕሊንጉ ችግሩን የሚያሳየው ሲሞቅ ነው።

መጀመሪያ ቀስ ያለ መንገድ፣ ከዚያ ሀይዌይ ውጡ። ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር፣ ከኋላ የሚመጣ እምምም የሚል ድምፅ ካለ አድምጡ። መሪውን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስታወዛውዙ ድምፁ ከተለወጠ የጎማ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። ካልተለወጠ የካፕሊንጉን ወይም ሻፍቱን መሀል ላይ የሚይዘውን ኩሽኔታ ጠርጥሩ። ሁለተኛው ነው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው።

ማርሹን ከአር ወደ ዲ ስትቀይሩ "ጓ" የሚል ድምፅ ካለ የሻፍቱ ክሮቼራ ወይም የሞተሩ መያዣ ደክሟል።

ስትመለሱ ሰፊና ደረቅ የመኪና ማቆሚያ ፈልጉ። መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዛችሁ፣ ነዳጅ ሳትረግጡ፣ ቀስ ብላችሁ ክብ ዙሩ። ከዚያ በሌላው በኩል። መኪናዋ ልስልስ ብላ መዞር አለባት። የእጅ ፍሬን እንደተያዘ ያህል ወደ ኋላ ከጎተተች፣ ከዘለለች ወይም ጎማው አስፋልቱን ከፋቀ፣ ካፕሊንጉ ጠጥሮ ቀርቷል። ከፊት "ቀጭ ቀጭ ቀጭ" የሚል ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የፊት አክስል መጋጠሚያ ነው፣ እሱ ቀላል ነው።

የካፕሊንግ ሌላው ሞት ድምፅ የለውም። ፈሳሹ ጉልበቱን አጥቶ የኋላ ጎማ ጨርሶ አይገፋም። መኪናዋ በሰላም ትሄዳለች፤ በረዶ እስኪመጣ ድረስ ማንም አያውቅም። ይህን ለማወቅ መካኒክ ያስፈልጋል።

ሊፍት ላይ ይውጣ

ከሻጩ ጋር ግንኙነት የሌለው ጋራዥ ምረጡ። በየከተማው ሐበሻ መካኒክ አለ፤ ግን የሻጩ ጓደኛ አይሁን። ስትደውሉ "ከመግዛቴ በፊት ፍተሻ እፈልጋለሁ፣ ኦል ዊል ናት" በሉ።

አብራችሁ ከሥር ቁሙና የሚከተለውን ይመልከትላችሁ። ትራንስፈር ኬዙ ከካምቢዮው ጋር በሚገናኝበት ዘይት አለ? የአክስል ማኅተሞቹስ? ሻፍቱን በእጁ ይዞ ያወዛውዘው፤ ክሮቼራዎቹ ልል ናቸው? ካፕሊንጉ ዙሪያ የዘይት ጠብታ አለ? የኋላ ዲፈረንሻሉ ደረቅ ነው? ካፕሊንጉ ኃይል ማስተላለፉንም ይሞክርላችሁ። ይህ ሙከራ ጎማዎቹ አየር ላይ ሆነው የሚሠራ አደገኛ ሥራ ነው፤ ቤት ውስጥ በክሪክ አትሞክሩት።

ከዚያ ዝገቱ። ላይ ላዩን የቀላ ብረት አያስፈራ። በካቻቢቴ ሲነካ የሚፈረፈር ብረት ግን ያስፈራል። የፍሬን ዘይት ቱቦዎቹን፣ የነዳጅ ቱቦዎቹን፣ ክብደት የሚሸከሙትን ብረቶች ያሳያችሁ። ማርሚታ ቢበሰብስ ይቀየራል። የበሰበሰ ተሸካሚ ብረት ያላትን መኪና ግን በነጻ ቢሰጧችሁም እምቢ በሉ።

የፍተሻው ወረቀት በእጃችሁ ሲሆን ዋጋ ትነጋገራላችሁ። "ቀንስልኝ" ከማለት "አራት ጎማ ያስፈልጋታል፣ ቤልቱም ወረቀት የለውም" ማለት ይበልጣል።

ገዛችኋት፤ የመጀመሪያው ሥራ ዘይት ነው

የቀድሞው ባለቤት የነገራችሁ ምንም ይሁን ምን፣ ሦስቱን ዘይቶች ቀይሩ። የካምቢዮው፣ የትራንስፈር ኬዙ፣ የኋላው ዲፈረንሻል። ፈጣን የዘይት መቀየሪያ ሱቆች ብዙ ጊዜ የሞተሩን ብቻ ቀይረው ይልካሉ፤ የኋለኞቹን ሁለት ማንም አይነካቸውም።

ለካምቢዮው ቶዮታ ሁለት ዓይነት ዘይት አለው፤ ቲ ፎር (T-IV) እና ደብሊው ኤስ (WS)። አይደባለቁም፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ቅድም ዘንጉ ላይ ያነበባችሁት እዚህ ይጠቅማል። አሮጌ ካምቢዮን በማሽን አሳጥቡት የሚል ካለ አትስሙ። አፍስሱና የወጣውን ያህል ሙሉ፤ ከጥቂት ሺህ ማይል በኋላ ድገሙት።

የኋለኞቹ ሁለቱ ጂኤል 5 የማርሽ ዘይት ነው የሚወስዱት። ውፍረቱን የመኪናዋ መጽሐፍ ላይ አረጋግጡ። እያንዳንዳቸው አንድ ሊትር አይሞላቸውም። ይህን ሥራ ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። መኪናዋ ግን ደልዳላ መሬት ላይ፣ በአራት ጠንካራ ማቆሚያ ላይ እኩል ትቁም። ክሪክ ብቻ አምናችሁ ከሥር አትግቡ።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የመሙያውን ብሎን ፍቱ። የላይኛው ነው። ለምን? ዛገና እምቢ ካለ መኪናዋ አሁንም ዘይት አላት፤ ነድታችሁ ጋራዥ ትሄዳላችሁ። ቀድማችሁ የማፍሰሻውን ፈትታችሁ መሙያው እምቢ ካለ ግን ባዶ ዲፈረንሻል ይዛችሁ ቆማችሁ። የመሙያው ከተፈታ በኋላ ማፍሰሻውን ክፈቱና ይውረድ። ትንሽ ነድታችሁ ብታሞቋት ቶሎ ይወርዳል።

ብሎኑ ማግኔት ካለው እዩት። ግራጫ ጭቃ የመሰለ ደቃቅ ነገር የተለመደ ነው። በጥፍር የሚያዝ የብረት ስባሪ ግን የማርሽ ጥርስ ነው፤ መካኒኩን ጥሩ። ጽዱ፣ አዲስ ማሸጊያ ቀለበት አድርጉ፣ ማፍሰሻውን እሰሩ። ከዚያ በእጅ ፓምፕ በላይኛው ቀዳዳ ሙሉ። ዘይቱ በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ መንጠባጠብ ሲጀምር ሞልቷል። እሰሩት።

የሻማዎቹንም ነገር ጠይቁ። በየ120,000 ማይሉ ይቀየራሉ። የኋለኞቹ ሦስት ሻማዎች ከአየር ማስገቢያው ጀርባ ተደብቀዋል። ስለዚህ "ሻማ ቀይሬአለሁ" የሚል ሰው የፊቶቹን ሦስት ብቻ ቀይሮ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ሲደረግ ታይቷል።

ጎማና የሌለው ስኮርታ

ኦል ዊል ሲየና ከፋብሪካ ስትወጣ ራንፍላት ጎማ ነበራት። ቢተነፍስም ቀስ ብሎ የተወሰነ ርቀት የሚሄድ ጎማ ነው። ስኮርታው የሚቀመጥበትን ቦታ የኋላው ማርሽ ስለወሰደው ነው። ጎማዎቹ ውድ ነበሩ፣ ቶሎም ያልቁ ነበር። ስለዚህ አብዛኛው ባለቤት ወደ ተራ ጎማ ቀይሯል። እኔም ተራውን እመርጣለሁ። ግን ተራ ጎማ ያላት፣ ስኮርታ የሌላት መኪና ይዛችሁ ሌሊት መንገድ ላይ እንዳትቀሩ ተዘጋጁ። በመኪናው ባትሪ የሚሠራ የጎማ መንፊያ፣ ቀዳዳ መድፈኛ ዕቃ፣ የእጅ ባትሪና ጓንት ከኋላ ይኑር። ረጅም መንገድ ስትሄዱ ልኩ ከሌሎቹ ጋር አንድ የሆነ ሙሉ ጎማ በገመድ አስራችሁ ብትይዙ ደግሞ በጣም ጥሩ። ከሌላ መኪና የመጣ ትንሿን ጊዜያዊ ጎማ ገጥማችሁ ግን ሩቅ አትሂዱ። ምክንያቱን አሁን ታውቃላችሁ።

በየ5,000 ማይሉ ጎማዎቹን አዟዙሩ። ፊት ያሉት ቶሎ ስለሚያልቁ ካልተዟዟሩ ልዩነቱ ራሱ ይፈጠራል። ነፋሱንም በየወሩ ለኩ፤ ብርድ ሲመጣ ይቀንሳል።

አንድ ጎማ ብቻ ጎኑ ቢቀደድስ? ጎሚስታው ጋ ስትሄዱ "ኦል ዊል ናት" ብላችሁ ጀምሩ። ሌሎቹ ገና አዲስ ከሆኑ አንድ ተመሳሳይ መግዛት ይበቃል። ግማሽ ካለቁ፣ አዲሱን ጎማ ከሌሎቹ ጋር እኩል እስኪሆን ፍቀው የሚሰጡ ሱቆች አሉ። እሱ ካልተገኘ አራቱንም መቀየር ነው። ያማል፣ ግን ከካፕሊንጉ ይረክሳል።

መኪናዋ መንገድ ላይ ከቆመችባችሁም ሁለት ጎማዋ መሬት ላይ ሆኖ እንድትጎተት አትፍቀዱ። የሚዞረው ጎማ ሻፍቱን፣ ሻፍቱ ካፕሊንጉን ያዞረዋል፤ ቤት እስክትደርሱ ይቃጠላል። ለኢንሹራንሱ ወይም ለመንገድ እርዳታው ስትደውሉ ከአድራሻችሁ በፊት "ኦል ዊል ናት፣ ፍላትቤድ ላኩ" በሉ፤ አራቱንም ጎማ ከመሬት አንስቶ ጀርባው ላይ የሚጭነው መኪና ነው። ሹፌሩ ሌላ ዓይነት መኪና ይዞ ከመጣ መልሱትና ጠብቁ።